የእቴቴ እግር

እቴቴ ላይ ደም ሦስት ጊዜ ረግቷል። ሦስቱንም ጊዜ አጠገቧ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ማንም በስሙ አልጠራውም፤ ሁለተኛው አራስ ሳለች መጣ፤ ሦስተኛው ነፍሷን ይዞ ሊሄድ ትንሽ ነበር የቀረው። ይህን የምጽፈው በፈቃዷ ነው። እንዲያውም «ጻፊው፤ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ሌላው ሰው ቀድሞ ይስማው» ያለችኝ ራሷ ናት።

ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ፣ የዳረችኝ እሷ ነች። ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን እንጀራ ጋግራ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ትነሳለች። ሁለት ምጣድ ጎን ለጎን ይጣዳል፤ አንዱ ላይ ሊጥ አስፍታ ስትከድን ከሌላው ላይ የበሰለውን በሰፌድ ታወጣለች፣ ምጣዱን በማሰሻ ትወለውላለች፣ እንደገና ታሰፋለች። መብራት ከጠፋ ወደ እንጨቱ ምጣድ ይዞራል። መቀመጥ የሚባል ነገር የለም። ከ18 ማዞሪያ የሚመጡት ደንበኞች ድርሻቸውን ተቀብለው እስኪሄዱ ድረስ እቴቴ በሁለት እግሯ እንደቆመች ነው የምትውለው።

የእግሯ ደም ስር መውጣት የጀመረው ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሳለ ነው። ከግራ ጉልበቷ በታች፣ በውስጥ በኩል፣ ሰማያዊ ሆኖ እንደ ገመድ ተጠማዞ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ይወርዳል። ማታ ማታ እግሯ ያብጣል፤ ካልሲዋን ስታወልቅ ላስቲኩ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል። ጨው የተበተነበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ስታበቃ ትራስ ላይ ከፍ አድርጋው ትተኛለች፤ ጠዋት ይጎድልላታል። አብረዋት የሚጋግሩት ሴቶች አብዛኞቹ እንደዚያው ነበሩ። ረጅም ቀሚስ ለብሰው ይሸፍኑታል፣ ሲጠየቁ «የሥራ ነው» ይላሉ።

የሥራ መሆኑ እውነት ነው። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ መውጣት አለበት። በተራመድን ቁጥር የባታችን ጡንቻ ይጨመቅና ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በደም ስሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ መዝጊያዎች ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዙታል። አንድ ቦታ ቆሞ በሚውል ሰው ባት ውስጥ ግን ያ ግፊት የለም፤ ደሙ እታች ይከማቻል። እርግዝና ሲጨመርበት መዝጊያዎቹ ይላላሉ፣ ደም ስሩ ተወጥሮ ይወጣል። በዘር ካለ ደግሞ ይብሳል። የእናታችንም እግር እንደዚያ ነበር።

በ2002 ክረምት፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ ያ የተጠማዘዘ ደም ስር አንድ ቦታ ላይ ደነደነ። ስንዝር ለሚያህል ርዝመት ቆዳው ቀልቶ፣ ሲነኩት ይፋጃል፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ከቆዳዋ ሥር ጠንካራ ነገር እንደ ተጋደመ ይሰማኝ ነበር። አንዷ ጎረቤት «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አመጣች። ሌላዋ ቁርጥማት ነው አለች። ሲብስባት አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። ያያት ባለሙያ የደም ስር ብግነት መሆኑን ነግሯት ማስታገሻ ክኒንና ቅባት አዘዘላት። የተናገረው ስህተት አልነበረም። ግን ያ የደነደነው ነገር የረጋ ደም መሆኑን፣ ሌላ ቦታም ረግቶ እንደሆነ በአልትራሳውንድ መታየት እንደነበረበት አልነገራትም። ከሳምንታት በኋላ ቅላቱ ጠፋ፣ ቦታው ላይ ቡናማ ሰረዝ ቀረ። እቴቴ ወደ ምጣዷ ተመለሰች፣ ነገሩም ተረሳ።

አሁን ሳስበው ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከቆዳ ሥር ባለው ደም ስር የሚረጋ ደም ብዙውን ጊዜ ሰው አይገድልም፤ ስለዚህ ይናቃል። ነገር ግን እንዲህ ከሚታመሙት ከአራት ወይም ከአምስት ሰዎች በአንዱ ላይ፣ በዚያው ጊዜ፣ በጥልቁ ደም ስር ውስጥም ረግቶ ይገኛል። የደነደነው ክፍል ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ሐኪሞች ለ45 ቀን ያህል ደም ማቅጠኛ የሚያዙበት፣ ወደ ብሽሽት ከተጠጋ ደግሞ እንደ ጥልቁ አድርገው የሚያክሙበት ምክንያት ይኸው ነው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጊዜ የረጋበት ሰው ሌላ ጊዜ እንዲረጋበት መንገዱ ተከፍቷል። የእቴቴ መንገድ በዚያ ክረምት ተከፈተ።

ሁለተኛው በ2005 መጣ። ሦስተኛ ልጇ በመቀመጫው ስለመጣ በኦፕራሲዮን ወለደች። ወንድ ነው። ቤት ስትገባ ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ፤ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ቅቤው በየአቅጣጫው ጎረፈ። አልጋዋ በመጋረጃ ተከለለ። ቁስሏም ስለሚያማት፣ ወጉም ስለሚያዝ፣ እቴቴ ተኛች። ለመነሳት ስትሞክር ትልልቆቹ ሴቶች «ኧረ ተይ፣ አራስ አትነሳም! ብርድ ይገባሻል» ብለው መልሰው ያስተኟታል። በሕይወቷ እንደዚያ ያረፈችበት ጊዜ አልነበረም፤ እኛም ደስ ብሎን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሕፃኑን አጥቤ ሳስታቅፋት «አንቺ ልጅ፣ እግሬ ከበደኝ» አለችኝ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ግራ እግሯ ከታፋዋ ጀምሮ ተነፍቷል፣ ቆዳው አብረቅርቋል፣ ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ አድልቷል። ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ የነጠላዋን ጠርዝ ይዤ የቀኝ ባቷን ዙሪያ ለካሁና ቋጠርኩበት። ያንኑ ነጠላ በግራ ባቷ ላይ ስጠመጥመው ቋጠሮው ሊገናኝ አልቻለም፤ ሦስት ጣት ያህል ጎደለ። በሁለት ባቶች መካከል ከ3 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ልዩነት ሐኪሞች በጥልቁ ደም ስር ውስጥ ረግቶ ይሆን ብለው ከሚጠረጥሩባቸው ምልክቶች አንዱ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ባሏ ወጌሻ ሊጠራ ሮጠ። በሰፈራችን ሁሉም የሚያምናቸው ሽማግሌ ወጌሻ ነበሩ፤ የኳስ ተጫዋቾቹን ሁሉ ያሹት እሳቸው ናቸው። ቅቤያቸውን ይዘው መጡና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ባቷ ላይ አሳረፉ፣ ወደ ሌላው እግር አዛወሩ፣ መልሰው ወደ ግራው አመጡ። ቅቤውን ሳይከፍቱ ተነሡ። «ልጄ፣ ይኼ የእኔ ሥራ አይደለም። የወለቀ አጥንት ቢሆን እመልሰው ነበር። ይኼ ግን ይግላል፤ ውስጡ ያለው ነገር ሌላ ነው። ማንም እንዳያሽላት። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዷት» አሉ። ለድካማቸው የተሰጣቸውን ገንዘብም አልተቀበሉም። እሳቸው ቢያሿት ኖሮ የረጋው ደም ተቦጭቆ በልቧ በኩል ወደ ሳንባዋ ሊሄድ ይችል እንደነበር በኋላ ሐኪሞቹ ነገሩን። እኚያ ሰው ዛሬ በሕይወት የሉም። እህቴን ያተረፉት የመጀመሪያው ሐኪም እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሆስፒታል ውስጥ ጨለም ባለ ክፍል አስተኟት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ብሽሽቷ ላይ ጄል ቀብታ ዶፕለር የሚባለውን የአልትራሳውንድ መሣሪያ አሳረፈች። ስክሪኑ ላይ ሁለት ጥቋቁር ክቦች ጎን ለጎን ታዩ። «ይኼ ደም ቅዳ ነው፤ ይኼኛው ደም መልስ» አለችኝ። በጤናማው በቀኙ እግር ላይ መሣሪያውን ጫን ስታደርገው የደም መልሱ ክብ ተደፍጥጦ ይጠፋል፣ ስትለቀው ተመልሶ ይከፈታል። ወደ ግራው ዞረች። ጫነች። አልተደፈጠጠም። ጠበቅ አድርጋ ጫነች። ክቡ እንደነበረ ነው፤ ውስጡን ግራጫ ነገር ሞልቶታል። ከብሽሽት እስከ ጉልበት ድረስ በየቦታው እየጫነች ወረደች፤ ሁሉም ያው ነው። ያንን ስክሪን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ለምን ግራው ሆነ ብዬ ጠየቅኋት። ከግራ እግር ደም የሚመልሰው ትልቁ ደም ስር ዳሌ ውስጥ ሲገባ ወደ ቀኝ እግር የሚወርደው ደም ቅዳ በላዩ ላይ ያልፍበታል፤ ማሕፀን ሲከብድ ደግሞ ጫናው ይበረታል። ስለዚህ በነፍሰ ጡርና በአራስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚረጋው በግራው ነው አለችን። ሩዶልፍ ቪርቾ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ደም መርጋት የጻፈውን መሠረት አድርገው ሐኪሞች ዛሬም ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ የደሙ ፍሰት ቀዝቅዟል ወይ? የደም ስሩ ግድግዳ ተጎድቷል ወይ? ደሙ ራሱ ለመርጋት ፈጥኗል ወይ? እቴቴ ላይ ሦስቱም ተገናኝተዋል። ያበጠው ደም ስርና መተኛቱ ፍሰቱን አቀዘቀዙት፤ ኦፕራሲዮኑ አካሏን አቆሰለው፤ እርግዝናው ደግሞ እናት በወሊድ ጊዜ ብዙ እንዳይፈሳት ተፈጥሮ ራሷ ደሙን ለመርጋት የምታዘጋጅበት ወቅት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አራስ ቤት የማልዘለው ነገር አለኝ። አንዲት ሴት ከወለደች በኋላ ደም የመርጋት አደጋው ከሁሉ ጊዜ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ነው። 6 ሳምንት 42 ቀን ነው። ወንድ የወለደች እናት ክርስትና እስክታስነሳ የምትተኛበት 40 ቀን ከዚያ ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረውም። አራስነትን የምነቅፍ አይደለሁም፤ ያ እንክብካቤ፣ ያ ገንፎ፣ ያ ከሥራ መገላገል ለእናት ይገባታል፤ በሌላው ዓለም ያሉ እናቶች ይህን ቢያገኙ በወደዱ። የምለው አራሷ አርፋ ትነሳ፣ በመጋረጃው ውስጥም ቢሆን ትራመድ፣ ቁጭ ስትል ቁርጭምጭሚቷን ታንቀሳቅስ ነው። ዕረፍት ማለት እግር ሳያንቀሳቅሱ መዋል አይደለም።

ሆዷ ላይ የሚወጋ የሄፓሪን መርፌ ተጀመረላት፣ ከዚያ ዋርፋሪን ክኒን ተከተለ። ጡት ማጥባት አትከልከል፣ ዋርፋሪኑ ለሕፃኑ አያሰጋም ተባልን። በየጊዜው ደሟ እየተቀዳ አይ ኤን አር የሚባለው ቁጥር ይታያል፤ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ይረጋል፣ ከበዛ ይደማል። ከወራት በኋላ እብጠቱ ጎደለ፤ መንስኤው ወሊድና ኦፕራሲዮን ስለሆነና ሁለቱም ስላለፉ መድኃኒቱ ቆመ። ያም በሕክምናው ሥርዓት ትክክል ነበር። በኦፕራሲዮን ወይም በወሊድ ምክንያት የመጣ መርጋት፣ ምክንያቱ ሲወገድ፣ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ያለ ምክንያት ከመጣው በእጅጉ ያነሰ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ ወዲያ ምን ምን ሊመልሰው እንደሚችል ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳትም።

እግሯም እንደ ድሮው አልሆነም። የረጋው ደም ሲሟሟ የደም ስሩን መዝጊያዎች አበላሽቶ ነው የሚሄደው። በቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ቆዳው ጠቆረ፣ ማታ እብጠቱ በግራው ብቻ ይጸናል። ከሰፈር ሰው «ዝሆኔ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የሚያማትም አልጠፋ። ጠበቅ ያለውን የሐኪም ካልሲ ገዛሁላት፤ ምጣድ ፊት ሲሞቃት አውልቃ ትጥለዋለች። ብትለብሰውም ባትለብሰውም ያ እግር ለሌላ መርጋት የተመቻቸ ሆኖ ነበር፤ ፍሰቱ ከበፊቱ ይበልጥ ቀዝቅዟል፣ ግድግዳው ጠባሳ ይዟል።

መስከረም 2011 ነው። መስቀልን አገር ቤት ለማሳለፍ ከአየር ጤና በሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ወልቂጤ ወረድን። ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደህና ቀን ከግማሽ ቀን አይበልጥም። በመስቀል ዋዜማ ግን የጉራጌ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። እቴቴ የኋላ ወንበር መሐል ተጣብቃ፣ ጉልበቷ ላይ ዕቃ ተጭኖ፣ ሽንት ቤት እንዳያስቸግራት ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ዋለች። ስንመለስም እንደዚሁ።

ከተመለስን በኋላ አንድ ጠዋት ሊጡን ልታቀጥን ስታጎነብስ ደረቷን በስተጎን ወጋት። አየር ስትስብ ይብስባታል። «ብርድ መታኝ» አለች። አንድ ክሊኒክ የሳንባ ምች ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ሰጣት። ማታውን ከመኝታዋ ተነሥታ በሩን ሳታልፍ ወደቀች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፣ ልቧ ይሮጣል። ጎረቤቶች ተሸክመው ላዳ ውስጥ አስገቧት።

ድንገተኛ ክፍሉ ሰው በሰው ላይ ነበር። አስም ነው፣ የሳንባ ምች ነው እየተባለ ወረፋ ስንጠብቅ ካርድ የሚሞላውን ወጣት ሐኪም እጅጌ ይዤ «ዶክተር፣ ከዓመታት በፊት አራስ ሳለች እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ነበር» አልኩት። እስክሪብቶውን አቆመ። ካርዱን ትቶ ቀሚሷን ገልጦ ሁለቱን እግሮቿን ተራ በተራ አየ። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ፈጠነ። ኦክስጅን ተደረገላት፣ ሄፓሪን ተወጋች፣ በሲቲ ስካን ሲታይ በሁለቱም ሳንባዎቿ የደም ሥሮች ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ከእግሯ ተነሥቶ የሄደ ነው።

ሌሊቱን ትንፋሿ ሲመለስ አንዲት ነርስ ጥያቄ ልትጠይቃት ቁጭ አለች።

«እናቴ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለም።»

«ክኒን? መርፌ?»

«ኧረ ምንም።»

«የወሊድ መቆጣጠሪያስ?»

እቴቴ ዝም አለች። ከዚያ «እሱማ አለ፤ እሱም መድኃኒት ነው እንዴ?» አለቻት።

ከመድኃኒት ቤት እየገዛች የምትውጠው ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን ነበር። ሲሸጡላት የጠየቃት ሰው የለም፤ እሷም የምትናገርበት ምክንያት አልታያትም። ደም ረግቶባት የሚያውቅ ሴት ልትወስደው የማይገባ ክኒን ነው፤ ከእርግዝና ለመከላከል ለእንደዚህ ዓይነቷ ሴት ሌላ መንገድ አለ፤ ያለ ሆርሞን የሚሠራው የማሕፀን ሉፕ አንዱ ነው። ያበጠ ደም ስር፣ የቀደመ መርጋት፣ አርባ ዓመት ላይ የጨመረው ውፍረት፣ ክኒኑ፣ መጨረሻ ላይ ጉዞው። ለብቻው ቢሆን ሰው የሚጥል አንድም አልነበረም። ተደራረቡባት።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። በ2018 እ.ኤ.አ. ከታይዋን የወጣ አንድ ጥናት ደም ስራቸው ያበጠ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎችን ከሌሎች ጋር አነጻጽሮ በጥልቁ ደም ስር ውስጥ የመርጋት አደጋቸው 5 እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ማስፈራሪያ እንዳይሆን ቁጥሩን ሙሉውን ልናገር፦ ደም ስራቸው ካበጠው 1,000 ሰዎች መካከል በዓመት ውስጥ የረጋባቸው ወደ 7 የሚጠጉ ናቸው። አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም። ጎረቤታችን፣ ከእቴቴ የባሰ እግር ያላት እንጀራ ጋጋሪ፣ ሰባት ልጅ ወልዳ አንድም ቀን አልረጋባትም። ያበጠ ደም ስር ብቻውን ፍርድ አይደለም።

ነገሩ የሚለወጠው አንድ ጊዜ ከረጋ በኋላ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የታተመ ጥናት፣ ያለ ግልጽ ምክንያት ረግቶባቸው መድኃኒት ያቆሙ ከ7,500 በላይ ሰዎችን ታሪክ አንድ ላይ አይቶ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ሰው በ10ሩ፣ በ5 ዓመት ውስጥ በ25ቱ፣ በ10 ዓመት ውስጥ በ36ቱ ላይ ተመልሶ መጥቷል። ወንዶቹ ይብሳሉ፤ በ10 ዓመት ከ100 ወንድ 41፣ ከ100 ሴት 29። አጠና ተራ ሲሸከም የሚውለው፣ ሱሪው ደም ስሩን ስለሚሸፍንለት እግሩን አይቶት የማያውቀው ወንድም ይህን ቢሰማው ደግ ነው። ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ አደጋው ከሁሉ የከፋ ነው።

ሐኪሙ ስለ ቤተሰብ ሲጠይቀን አክስታችን ትዝ አለችን። አገር ቤት፣ አራስ ቤት ውስጥ፣ ከሰው ጋር እያወራች ሳለ ትንፋሽ አጥሯት ሞተች፤ ዓይን ነው ተብሎ ነበር። ምን እንደገደላት አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሐኪሙ ግን በካርዱ ላይ ጻፈው።

ዛሬ እቴቴ ዋርፋሪን በቋሚነት ትወስዳለች። ክትትሏ ጥቁር አንበሳ ነው፤ ከጦር ኃይሎች በቀላል ባቡር ሜክሲኮ ወርዳ የቀረውን በእግሯ ትሄዳለች፤ መራመዱም ከሕክምናው ይቆጠርላታል። መጀመሪያ ላይ «የአይጥ መርዝ ነው የምትውጪው» ብለው ሰዎች አስፈራርተዋት ነበር። ሐሰት አይደለም፤ በ1948 እ.ኤ.አ. ለአይጥ ማጥፊያ ነበር የወጣው፤ በ1954 ግን ለሰው ሕክምና ተፈቅዶ ከዚያ ወዲህ ስፍር ቁጥር የሌለውን ሰው አትርፏል። ጭንቁ ሌላ ነው። ሁዳዴ ሲገባና ጎመን በየቀኑ ሲቀርብ የአይ ኤን አር ቁጥሯ ይወርዳል፤ ፋሲካ ውሎ ሥጋው ሲተካ ሽቅብ ይወጣል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ይቃረነዋል። ጎመን ተዪ አላሏትም፤ ጾምም ሆነ ፍስክ ልኩን አታዛንፊ ነው ያሏት። አንድ ጊዜ ለአሜባ ፍላጅል ወስዳ አፍንጫዋ እየደማ አልቆም ብሏት ያደረችበት ሌሊት አለ፤ ፍላጅል የዋርፋሪንን ኃይል ይጨምራል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ክኒን ከመዋጧ በፊት «ዋርፋሪን ላይ ነኝ» ትላለች።

ሥራዋንም አልተወችም። ከምጣዱ ጎን ከፍ ያለ በርጩማ አሠራንላት፤ አንዱ እስኪበስል ትቀመጣለች፣ ተረከዟን እያነሳች እያወረደች ባቷን ታሠራለች፣ በየመሐሉ ግቢውን ዞር ዞር ትላለች። አብረዋት የሚጋግሩት ልጆችም ይህንኑ ለምደዋል።

በዚህ ዓመት የመጀመሪያ ልጇ አረገዘች። ለመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ እቴቴ አብራት ሄደችና አዋላጇ ሳትጠይቃት «እኔ ሦስት ጊዜ ደም ረግቶብኛል፤ የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ጻፊው» አለቻት። ተጻፈ። ልጅቷ ላይ እስካሁን ምንም የለም፤ ግን ከወለደች በኋላ ከአልጋ ቶሎ እንድትነሳ፣ ኦፕራሲዮን ከሆነ ደግሞ መርፌው ያስፈልጋት እንደሆነ ቀድሞ እንዲታይላት ተነጋግረዋል።

ይህን የምታነቡ፣ አንድ እግራችሁ ብቻ ድንገት ካበጠና ባታችሁ ካመመ አታሹት፣ አታሳሹት፤ በዚያው ቀን ዶፕለር ወዳለበት ሐኪም ቤት ሂዱ። ከዚህ በፊት ረግቶባችሁ የሚያውቅ ከሆነ ማንም እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። ከማርገዛችሁ በፊት ተናገሩ፤ ዋርፋሪን ላይ ሆናችሁ ማርገዝ ከፈለጋችሁ ደግሞ ክኒኑ በማሕፀን ያለውን ልጅ ስለሚጎዳ ወደ መርፌ መቀየር አለበት። ከኦፕራሲዮን በፊት ተናገሩ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ስትገዙ፣ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ከኋላችሁ ሰው ቢሰለፍም፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩ። ረጅም መንገድ ከሆነ ሾፌሩን አስቁሙና ወርዳችሁ ተራመዱ፤ ውሃም ጠጡ። መድኃኒታችሁን እብጠቱ ስለጎደለ ብቻ ራሳችሁ አታቁሙት፤ መቼ እንደሚቆም ሐኪማችሁን ጠይቁት፣ ሲያቆምላችሁም «ከእንግዲህ ምን ይመልሰዋል?» ብላችሁ መልሱን ሳትሰሙ ከክፍሉ አትውጡ።